ማታ ላይ ፊክስ የሚያሳጣኝ ምንድን ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ቀያሽ ነኝ፤ የምሠራው ባሕር ዳር ዙሪያ ነው። ባለፈው መጋቢት ሥራ ተደራርቦብን እስከ ማታ እንቆይ ነበር። ቀን ላይ በሰከንዶች ፊክስ የሚይዘው ሮቨር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ፍሎት ላይ ቁጭ ይላል። አንዳንዴ አናቴ ላይ ያለ ሳተላይት ጥሎ ይመለሳል። ቤዙ 14 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዛፍም ሕንጻም የለም። መሣሪያውን ለጥገና ላክሁት፣ ምንም የለበትም ብለው መለሱልኝ። አንድ ጓደኛዬ ‹አዮኖስፌር ነው፤ ሳይንቲስቶቹ እንዲያውም በጂፒኤስ ነው የሚያጠኑት› አለኝ። እውነት ነው? እኔን የሚረብሸኝ ነገር እንዴት መለኪያ ይሆናል?»

ጤና ይስጥልኝ። ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሮቨር ቀያሹ ይዞት የሚዞረው የጂፒኤስ መሣሪያ ነው፤ ቤዝ አንድ ቦታ ቆሞ እርማት የሚልክለት። ፊክስ በሴንቲ ሜትር የሚታመን ውጤት ነው፤ ፍሎት ገና ያልጠራ ግምት። ጓደኛዎ ልክ ነው። መሣሪያዎም ደህና ነው፤ ለምርመራ ያወጡት ገንዘብ ግን ያሳዝናል። ቦታው ባሕር ዳር፣ ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 2። ሦስቱ እንዲህ ሲገጥሙ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፕላዝማ አረፋ የሚባለውን ነገር ነው። ምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ሁለተኛው ጥያቄዎ ይቅደም፤ እሱ ከገባዎት ሌላው ይቀላል።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ሲግናላቸው እርስዎ ጋ ለመድረስ አዮኖስፌርን ማቋረጥ አለበት። አዮኖስፌር የሚባለው ከ60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ከፍታ ጀምሮ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ የተዘረጋው የአየር ክፍል ነው። የፀሐይ ጨረር እዚያ ያሉትን አተሞች እየመታ ኤሌክትሮን ያስጥላቸዋል። የራዲዮ ሞገድ ደግሞ በነጻ ኤሌክትሮኖች መሃል ሲያልፍ እንደ ባዶ ሕዋ አይፈስም። ሲግናሉ የተሸከመው ኮድ ይዘገያል። ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛትና የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ።

ቁልፉ ያለው ፍሪኩዌንሲው ላይ ነው። ሳተላይቱ በአንድ ጊዜ ቢያንስ በሁለት ፍሪኩዌንሲ ይልካል፤ ኤል-1 በ1575.42 ሜጋ ኸርዝ፣ ኤል-2 በ1227.60 ሜጋ ኸርዝ። በክረምት ጭቃ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎችን እኩል ልከናል እንበል። አንዱ ቦት ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ሸበጥ። በደረቁ መንገድ እኩል ነው የሚሄዱት፣ ጭቃው ላይ ግን ባለ ሸበጡ ይዘገያል። በስንት ደቂቃ ተለያይተው እንደደረሱ ካወቅን ጭቃው ምን ያህል እንደነበር ማስላት እንችላለን፤ መንገዱን ሄደን ማየት አያስፈልገንም። ኤል-2 ባለ ሸበጡ ነው። በአዮኖስፌር ውስጥ ከኤል-1 ይልቅ 1.65 ጊዜ ያህል ይዘገያል። ይህ ሬሾ ከፍሪኩዌንሲዎቹ ስኩዌር የሚመጣ ስለሆነ አይለወጥም። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት በመንገዱ ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ይነግረናል።

ለእርስዎ ሥራ ይህ ልዩነት የሚሰረዝ ስህተት ነው። ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ ውድ ዋጋ ያስከፈለዎትም ይህንኑ እንዲሰርዝ ነው። እኛ የአዮኖስፌር ተመራማሪዎች ደግሞ የተሰረዘውን ነው የምንለቅመው።

ይህን የኤሌክትሮን ብዛት ቴክ እንለዋለን። ከሳተላይቱ እስከ መሣሪያው አንድ ሜትር ስኩዌር ስፋት ያለው ቱቦ ቢዘረጋ በውስጡ የሚገኘው ጠቅላላ የኤሌክትሮን ቁጥር ማለት ነው። አንዱ መለኪያ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እርስዎን የሚነካው ግን እንዲህ ነው፦ አንድ መለኪያ ኤል-1 ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ስህተት ያመጣል። እኛ አገር ፀሐይ በተነቃቃችባቸው ዓመታት ከሰዓት በኋላ 80 መለኪያ ማየት ብርቅ አይደለም። ያ 13 ሜትር ገደማ ነው። ስልክዎ ካልተስተካከለ በቀር ከመንገዱ ማዶ ያለው ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለዋል ይልዎታል። ሳተላይቶቹ ራሳቸው በ8 ቁጥሮች የተሠራ ቀለል ያለ የእርማት ሞዴል ይልካሉ፤ እሱ የሚያነሳው ግን በአማካይ የስህተቱን ግማሽ ያህል ነው።

አሠራሩ ሲያወሩት እንደሚቀል አይደለም። ኮዱ ትክክለኛውን መጠን ይናገራል፣ ግን ጫጫታ አለበት። ፌዙ (የሞገዱ የራሱ ዑደት) በጣም ጥርት ያለ ነው፣ ግን ከስንት እንደጀመረ አይታወቅም። ስለዚህ የፌዙን መስመር ወስደን በኮዱ ከፍታ ላይ እናስቀምጠዋለን። በዚያ ላይ ሳተላይቱም መሣሪያውም ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች እኩል አያስተናግዱም፤ የየራሳቸው መዘግየት አላቸው። እሱ ካልተቀነሰ ሌሊት ላይ ኔጌቲቭ ቴክ ይወጣል። ከዜሮ በታች የሆነ ኤሌክትሮን ማለት ነው! ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ግራፍ ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ ፊዚክስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ለአዮኖስፌር ሁከት ጥናት ግን ደስ የሚል አቋራጭ አለ። ትክክለኛውን መጠን ማወቅ የግድ አይደለም፣ መጠኑ እንዴት እንደሚዘል ካወቅን ይበቃናል። የመሣሪያው መዘግየት ከደቂቃ ደቂቃ ስለማይለወጥ ሲቀናነስ ይጠፋል። በየ30 ሰከንዱ ቴክ ምን ያህል እንደተለወጠ እናያለን። ከዚያ የ5 ደቂቃውን ለውጥ መዋዠቅ እናሰላለን። ይህ ሮቲ ይባላል። ሰላማዊ በሆነ ሌሊት መስመሩ ወለሉ ላይ ተኝቶ ያድራል። ከ0.5 ሲያልፍ ሰማይ ላይ የተቦጫጨቀ ነገር አለ እንላለን። በእኔ ግምት ከሁሉም ርካሹና ጠቃሚው የአዮኖስፌር መለኪያ ይህ ነው፤ ተራ የቅየሳ መሣሪያ ይበቃዋል።

አሁን ወደ መጋቢቱ ምሽት እንመለስ።

ምድር ሁለት ወገብ አላት ማለት ይቻላል። አንደኛው ካርታ ላይ የምናውቀው ነው። ሁለተኛው መግነጢሳዊው ነው፤ የምድር መግነጢስ መስመሮች ጠፍጣፋ ሆነው ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚተኙበት። ይህ መስመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ። ባሕር ዳርም ቅርቡ ናት። ቀን ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ምስራቅ ይሆናል፣ መግነጢሱ ወደ ሰሜን። ሁለቱ ተጋግዘው ፕላዝማውን (ይህን በኤሌክትሮንና በአዮን የተሞላ አየር) ወደ ላይ ይገፉታል። ላይ ከወጣ በኋላ በመግነጢስ መስመሮቹ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሁለቱም ጎን ይወርዳል፣ እንደ ፏፏቴ። የሚከማቸው ከወገቡ በስተሰሜንና በስተደቡብ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለእኛ ሲሆን አንዱ ክምር ደቡብ ግብጽ፣ ሌላው ታንዛኒያ አካባቢ ይሆናል። ምንጩ የእኛው አናት ላይ ሆኖ ሀብቱ የሚታየው ጎረቤት ዘንድ ነው። ልክ እንደ ዓባይ።

ፀሐይ ስትገባ ነገሩ ይለወጣል። በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው የታችኛው ንብርብር ቶሎ ይከስማል። እዚያ አየሩ ጥቅጥቅ ስላለ ኤሌክትሮኖቹ ከአዮኖቹ ጋር ለመገናኘት ጊዜ አይፈጅባቸውም። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ግን ይቆያል። በዚያ ላይ ልክ ሲመሽ የኤሌክትሪክ መስኩ ለአጭር ጊዜ ይበረታል፣ የላይኛውን ንብርብርም የበለጠ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ከላይ ከባድ፣ ከታች ቀላል ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተረጋግቶ አይቆምም።

ሽሮ ሲንተከተክ ያውቃሉ። ከሥር የታፈነው ወፍራሙን ቀዶ ቡልቅ ይላል። እዚህ ሥራውን የሚሠራው እሳት ሳይሆን ስበት ነው እንጂ መልኩ ያው ነው። ኤሌክትሮን የሳሳበት ክፍል ከታች ተነስቶ ጥቅጥቁን እየሰነጠቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የፕላዝማ አረፋ የምንለው ይህ ነው። ከምስራቅ ወደ ምዕራብ ስፋቱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ግን በመግነጢስ መስመሮቹ ላይ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይዘረጋል። ስለዚህ «አረፋ» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል። ጎንደርንና ሐዋሳን በአንድ ምሽት የሚነካ ግድግዳ ቢሉት ይሻላል።

ይህ ሁከት ከታወቀ ቆይቷል። ቡከርና ዌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በፔሩ ሁዋንካዮ በተቀመጠ የራዲዮ መሣሪያ ያዩትን እንግዳ የተበታተነ ምልክት የዘገቡት በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ጂፒኤስ የለም። ሁዋንካዮም መግነጢሳዊው ወገብ ላይ ናት።

መጋቢት ለምን? የምሽቱ የጥላ መስመር ከመግነጢስ መስመሮቹ ጋር ሲገጣጠም የሰሜኑም የደቡቡም ጫፍ በአንድ ጊዜ ይጨልማል፤ የኤሌክትሪክ መስኩም ያኔ ነው ይበልጥ የሚበረታው። በእኛ ሰማይ ይህ የሚሆነው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ በመጋቢትና በመስከረም ዙሪያ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ብዙም አይታይም። ዓመቱም ለውጥ ያመጣል። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ትነቃቃለች። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጸጥ ብላ ነበር፣ በ2024 ደግሞ ጫፍ ላይ ደረሰች። «በፊት እንዲህ አልነበረም» የሚሉ ቀያሾች ይገጥሙኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የእርስዎ አር.ቲ.ኬ. (ቤዙ እያረመው ሮቨሩ እዚያው የሚለካበት ዘዴ) ደግሞ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ቤዙና ሮቨሩ አንድ ዓይነት ሰማይ ያያሉ በሚል። በ14 ኪሎ ሜትር ላይ ቀን ቀን ይህ ብዙም አያጣላም። የአረፋ ጠርዝ በመሃል ሲገባ ግን ቤዙ ጥቅጥቁን፣ ሮቨሩ ባዶውን ያያል። ልዩነቱ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ቀርቶ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ፊክስ የሚፈልገው በቤዙና በሮቨሩ መካከል ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ መቁጠር ነው፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር። ይህን ቆጠራ በሜትር በሚወዛወዝ ነገር ላይ መሥራት አይቻልም። ፍሎት ላይ ቁጭ ማለቱ እንዲያውም የሶፍትዌሩ ጨዋነት ነው። የሚያስፈራው ፊክስ ብሎ የሚዋሸው ነው።

ሳተላይቱ ጠፍቶ የሚመለሰው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። አረፋው ውስጥ ትንንሽ ሽንቁሮች አሉ። ለኤል-1 ክፉዎቹ 400 ሜትር አካባቢ የሆኑት ናቸው። ሲግናሉን ይበታትኑታል፤ የተበታተነው መሬት ላይ ሲገናኝ አንዴ ይደምቃል አንዴ ይደበዝዛል። ኮከብ የሚርገበገበው በዚሁ ዓይነት ነው። ሲንቲሌሽን እንለዋለን። ድብዘዛው ሲከፋ መሣሪያው ሞገዱን የያዘበት እጅ ይለቀዋል፣ ቆጠራውም ይቋረጣል። ይህን በትክክል ለመለካት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመዘግብ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። እዚያው ከተማዎ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ዋሸራ የሚባለው የሕዋና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ በዚህ ሥራ ላይ ቆይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲመዘግብ የኖረ ጣቢያ አለው። የአዲግራቱን ጣቢያ መግነጢስ ከአዲስ አበባው ላይ ስንቀንስ ቀን ላይ ከአናታችን በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት እናገኛለን። እሱም የቀኑን የፕላዝማ አነሳስ ይነግረናል።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ልንገርዎ። በአገራችን ለዚህ ጥናት ብዙ ዳታ የሰጡት የጂፒኤስ ጣቢያዎች ለአዮኖስፌር የተተከሉ አይደሉም። የተተከሉት ለስምጥ ሸለቆ ነው፤ ምድሪቱ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደምትለያይ ለመለካት። ለጂኦሎጂስቶቹ አዮኖስፌር ልክ እንደ እርስዎ ጠላት ነበር። እነሱ ካርታቸውን ሠርተው ሲጨርሱ እኛ በዚያው ፋይል ውስጥ አረፋ መፈለግ ጀመርን።

የጣቢያ ነገር ከተነሳ፣ የእኛ ትልቁ ጠላት ሰማይ ላይ አይደለም። በአንድ ወቅት የምከታተለው መሣሪያ ጣሪያ ላይ ነበር። መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ምሽት ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት። ባትሪው ደግሞ አርጅቷል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያምር መስመር ይመዘግብና ልክ አረፋው ሊመጣ ሲል ጭልም። የአንድ ሙሉ መጋቢት ዳታዬ መሃሉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ግራፉን ያየ አንድ የውጭ ተመራማሪ «ይህ ክፍተት ሳይንሳዊ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

የሳተላይት ሲግናል የሚያሳየው የምሽት አረፋ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ጃፓንን የመታው ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ የባሕሩን ወለል ሲያነሳ ከላዩ ያለው አየር ተገፋ። ማዕበሉ 10 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ አዮኖስፌር ደረሰ። ጃፓን ከ1,000 በላይ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ስላሏት ቀለበቱ ኩሬ ላይ እንደተጣለ ድንጋይ ሲሰፋ በግልጽ ታየ። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የፈነዳው የቶንጋ እሳተ ገሞራ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ዳታ ላይ አሻራውን ትቷል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በላሊበላ ላይ ያለፈውን ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽ ያስታውሱ ይሆናል። በግርዶሽ ጊዜ ጨረሩ ስለሚቀንስ ቴክም አብሮ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ይንቀጠቀጥ በነበረበት ጊዜ «አዮኖስፌር አስቀድሞ ይናገራል» የሚል ወሬ ሲዞር ነበር። ከመንቀጥቀጡ በኋላ የሚታየው ምልክት እውነት ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚታየው ከ6.5 በላይ ለሆኑት ነው። አስቀድሞ ይታያል የሚለው ግን አሁንም ክርክር ላይ ያለ ነገር ነው። እኔ አልተቀበልኩትም። በእኛ ሰማይ ቴክ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ከቀን ቀን በጣም ይለያያል፤ ከአደጋ በፊት የነበረውን ቀን ለይቶ «ይኸው ምልክት» ማለት ለማንም አይከብድም።

ጃሚንግስ (ሆን ተብሎ ሲግናልን ማወክ) ቢሆን ቢሉኝ፣ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። በቀይ ባሕርና በመካከለኛው ምስራቅ በሰው እጅ የሚደረግ ረብሻ በዝቷል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖች ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። መለያው ቀላል ነው። ጃሚንግ ሲሆን የሁሉም ሳተላይቶች ኃይል በአንድ ላይ ይወድቃል። አረፋ ሲሆን የሰማዩ አንድ ወገን ብቻ ይታመማል። በምስራቅ ያሉት ሦስቱ ሲንቀጠቀጡ በምዕራብ ያሉት ደህና ናቸው፤ ቆይቶ ይገለባበጣል። የመሣሪያዎ ስክሪን ላይ የየሳተላይቱን የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳይ ገጽ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ፊክስ ሲጠፋ መጀመሪያ እሱን ይክፈቱ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ከቻሉ በመጋቢትና በመስከረም ዙሪያ ትክክለኛ ነጥቦችን ጠዋት ይጨርሱ። ማታ የግድ ከሆነ ቤዙን ያቅርቡት፤ ከ14 ኪሎ ሜትር 3 ይሻላል። የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ሳተላይቶች ማብራት ይረዳል፤ ሳተላይት በበዛ ቁጥር የታመሙትን አስወጥቶ በቀሩት መሥራት ይቻላል። ትዕግስትም ይሠራል። አረፋው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምስራቅ ይጓዛል፣ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ። 150 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ለማለፍ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል ማለት ነው። ቡና ይጠጡና ይሞክሩ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ተከታትለው መምጣታቸው ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይደክማቸዋል።

ዝም ብለው የማይጠብቁት አንድ ዓይነት ረብሻ አለ፤ የፀሐይ ማዕበል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የጀመረው፣ በ20 ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋው ነበር። አሜሪካ ውስጥ በአር.ቲ.ኬ. የሚነዱ ትራክተሮች በዘር ወቅት መሃል ቆመዋል። እንዲያ ባለ ቀን መሣሪያውን ሸክፎ ቤት መግባት ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ነው። ያ የመጋቢት ፋይል አለ? የሮቨሩ ሳይሆን የቤዙ፣ ጥሬው። ቤዝ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሰዓታት ስለሚመዘግብ ለእኛ ትንሽ ጣቢያ ማለት ነው። ብዙ ቀያሾች ቤዙ እርማት እንዲልክ ብቻ ያዙትና ጥሬውን አያስመዘግቡትም፤ ያስመዘገበውንም ሚሞሪው ሲሞላ ይደመስሱታል። በ30 ሰከንድ አንዴ ቢሆን እንኳ ይበቃል። ወደ ራይኔክስ (የጋራ የጂፒኤስ ዳታ ፎርማት) ቀይረው ሮቲውን ራስዎ ማውጣት ከፈለጉ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅብዎት ነው። ሲያዩት ግን ፋይሉ ውስጥ ያለው ሰዓት የእኛ ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው የግሪንዊች ሰዓት ገደማ መሆኑን አይርሱ። የእርስዎ ከምሽቱ 2 ሰዓት እዚያ 17 ሰዓት ተብሎ ነው የሚገኘው። አንድ ተማሪዬ አረፋውን 2 ሰዓት ላይ ሲፈልግ ውሎ የለም ብሎኝ ነበር።